በአገራችን ያልተከለከለውን ሌላ አገር ቢከለክለው፣ መንገደኛ ሳያምንበት የመታዘዝ ግዴታ አለበት?

ጥያቄ፦ መንገደኛዋ

ውድ ተሳታፊዎች፣ በሚቀጥለው ወር በዱባይ በኩል ወደ ለንደን እጓዛለሁ። የጉዞዬ ወሬ እንደተሰማ ለንደን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የደረቀ ጫት እንዳመጣለት ለመነኝ። እንደማይሆንልኝ በግልጽ ብነግረውም፣ ትናንት ማታ አክስቴ አፉ በመርፌና በወፍራም ክር የተሰፋ ከረጢት ይዘው መጡና «በርበሬና ሽሮ ነው፣ አደራሽን» ብለውኝ ሄዱ። ከረጢቱ አሁንም ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ፈትቼ ባየው እሳቸውን እንደ መጠርጠር ይቆጠርብኛል ብዬ እስካሁን አልነካሁትም።

ጫት በአገራችን በሕግ ያልተከለከለና ለውጭ ገበያ ከምናቀርባቸው ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቤተሰቦቼም «ስንቱ ይዞ ይሄድ የለም ወይ? ቢያገኙት ይወስዱታል፣ ሌላ ምን ይመጣል?» ይሉኛል። ጥያቄዬ ግን ከዚህ ከረጢት ይሰፋል፤ በአገሬ ወንጀል ያልሆነውን ነገር ሌላ አገር ወንጀል ስላለው ብቻ፣ ሳላምንበት መታዘዝ ይገባኛል? የአገሩን ሕግና የአገሩን ባህልስ እኩል ማክበር አለብኝ?

መልስ 1፦ የቀድሞ የለንደን ነዋሪ

እኔ ለንደን በኖርኩበት ዘመን ጫት እንደ ማንኛውም ቅጠላ ቅጠል በግልጽ ይሸጥ ነበር። በአውሮፕላን ተጭኖ ሂትሮው ይደርስና ገና እርጥበቱ ሳይለቀው በየሱቁ ይከፋፈል ነበር። እ.ኤ.አ. ከጁን 24 ቀን 2014 ጀምሮ ግን በ«ሲ» ምድብ የአደንዛዥ ዕፅ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ተከለከለ። ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ የብሪታንያ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የአደንዛዥ ዕፅ አማካሪ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባቀረበው ሪፖርት ጫት እንዳይከለከል መምከሩ ነው፤ የወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ምክሩን ሳይቀበሉ ከለከሉት። ስለዚህ በሕጉ አለማመን ነውር የለበትም፤ እዚያው አገር ያሉ ባለሙያዎችም አላመኑበትም። ያላመነ ሰው ግን ስሙን ጽፎ ለምክር ቤት እንደራሴው ያመለክታል፣ ሰልፍ ይወጣል። በሌላ ሰው ሻንጣ ውስጥ ሸሽጎ ማስገባትን ተቃውሞ ልለው አልችልም።

አንድ ነገር ደግሞ በጥንቃቄ ያስቡበት። ጫት ይዞ የተገኘ ተጠቃሚ በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ፣ በሁለተኛው የገንዘብ ቅጣት ይሰጠዋል፤ የሚታሰረው በሦስተኛው ነው። ወደ አገር ያስገባ ሰው ግን እስከ 14 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። የአክስትዎ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ በማስጠንቀቂያ በሚያልፍበት ነገር እርስዎ ፍርድ ቤት ይቆማሉ። እግረ መንገዴን፣ ቋንጣና ንጥር ቅቤም ከአገራችን ወደ ብሪታንያ አይገቡም።

መልስ 2፦ እማማ ከዱባይ

ልጄ፣ እኔ ዱባይ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ጫት እዚያም በአደንዛዥ ዕፅነት የተከለከለ ነው፤ ትራንዚት ነኝ ማለትም አያድንሽም፣ አውሮፕላን ማረፊያው ያው የእነሱ መሬት ነው።

ስለ ባህልና ስለ ሕግ ለጠየቅሽው ያየሁትን ልንገርሽ። በሄድኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ በረመዳን፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ሙቀቱ ሲበረታብኝ የውኃ ጠርሙስ አውጥቼ ከፈትኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ከፊት ለፊቴ ቆመችና በጥቁር ዓባያዋ ከሰው ዓይን ከለለችኝ፤ ከዚያ ክዳኑን ራሷ አጥብቃ ጠርሙሱን ወደ ቦርሳዬ መለሰችው። እኔ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በሕግም የሚያስቀጣ እንደነበር የተረዳሁት በኋላ ነው። ባህሉ የት አብቅቶ ሕጉ የት እንደሚጀምር እንግዳ ሰው በዓይኑ አይለየውም። ሆቴል ውስጥ መጠጥ ከሚቀርብበት ዱባይ ተነሥተሽ በአውቶቡስ ሻርጃ ስትገቢ መጠጥ ጭራሽ ክልክል ነው፤ መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ጥንቃቄ ያዣቸው።

አደራ የሚባለው ደግሞ ተቀባዩ ምን እንደተቀበለ አውቆ ሲረከብ ነው። የተሰፋ ከረጢት አደራ አይደለም፤ ፍቺው።

መልስ 3፦ አስጎብኚ

ሥራዬ እንግዶችን ላሊበላና አክሱም ማስጎብኘት በመሆኑ ጉዳዩን ከወዲያኛው ወገን አየዋለሁ። ደብረ ዳሞ ሴት አትወጣም፤ ከሩቅ አገር ተነሥተው ገደሉ ሥር የደረሱ ሴት ተመራማሪዎች ገመዱን አይተው ይመለሳሉ። ብዙዎቹ ደንቡን አያምኑበትም፣ ሆኖም አክብረውት ሲመለሱ አይቻለሁ።

ያልተመለሰም አለ። አንድ እንግዳዬ ከመንገድ ላይ ሻጭ የገዛው አሮጌ የብራና መጽሐፍ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ማውጣትን እንደሚከለክል አስረዳሁት። እሱ ግን «ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት የራሴ ነው፤ በአገሬ ይህ ወንጀል አይደለም» እያለ ተቆጣ። ፈታሹ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወዙ የጠቆረበትን የገጹን ጠርዝ እያየ ዝም አለው። እኅቴ ጥያቄዎን ሳነብ የታወሰኝ የዚያ ሰው ቃል ነው፤ በእሱ አፍ ስሰማው አሳዝኖኝ ነበር፣ በእኛም አፍ ሲነገር ያው ነው።

መልስ 4፦ ፋርማሲስት

በአጭሩ አንድ ነገር ልጨምር። በአደራ ከሚላኩ መድኃኒቶች ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸውን ፈጽሞ አይቀበሉ። ትራማዶል በኤሚሬቶች ያለ ቅድመ ፈቃድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት እንግሊዛዊት ጎብኚ ለወዳጇ የጀርባ ሕመም የያዘችው ወደ 300 የሚጠጋ የትራማዶል ክኒን ግብፅ ውስጥ ሦስት ዓመት አስፈርዶባታል። መከልከሉን አላውቅም ማለቷ አልጠቀማትም።

ከጠያቂዋ፦ መንገደኛዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት አክስቴን ቤት ጠርቼ ከረጢቱን አብረን ፈታነው። ከሽሮው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት ጥቅሎች ወጡ። አክስቴ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ሌሊት ነው የሚሠራው፤ እንቅልፍ እንዳይጥለው ብዬ ነው» አሉኝ። ስለ 14 ዓመቱ ስነግራቸው ግን ደነገጡ፤ ልጃቸው ይህን ሳይነግራቸው እኔን በዚያ መንገድ ሊልከኝ እንደነበር ሲረዱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጥቅሎቹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘው ተመለሱ። በርበሬውንና ሽሮውን ውስጡ በሚታይ ፕላስቲክ አሽጌ፣ በላዩ ላይ ምንነቱን በእንግሊዝኛ ጽፌ እወስድለታለሁ።