የሊኑክስ አድሚን ኢንተርቪው ማክሰኞ አለብኝ፣ ምን ላይ ላተኩር?

የሄርማታው፦
ሰላም ወገኖች። ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ ጅማ ለሊኑክስ ሲስተም አድሚን ኢንተርቪው ተጠርቻለሁ። ሥራ ላይ ሊኑክስ ነክቼ አላውቅም፣ ቤት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ ጭኜ ነው የተማርኩት። ባለፈው ሌላ ቦታ «ሰርቨሩ ዲስክ ሞልቷል ይላል፣ ዲኤፍ (የዲስክ ቦታ የሚያሳየው ኮማንድ) ስትል ግን ቦታ አለ፤ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ኮማንዱን ሁሉ ልሸምድድ እንዴ?

ሌሊት ተረኛ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ሽምደዳውን ተወው። ያቺን ጥያቄ እኔም ተጠይቄያለሁ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው አይኖድ ነው፣ ማለትም የፋይሉ መረጃ የሚመዘገብበት ቦታ። እያንዳንዱ ፋይል አንድ አይኖድ ይይዛል፣ ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ላይ ደግሞ ብዛቱ የሚወሰነው ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ነው፤ ስለዚህ ጥቃቅን ፋይል ከተከመረ ጊጋባይት ተርፎም አዲስ ፋይል መፍጠር አትችልም። «ዲኤፍ ሰረዝ አይ» ብለህ የአይኖዱን ብዛት እየው። የተገላቢጦሹንም ያዝ፦ ትልቅ ሎግ (ፕሮግራሞች የሠሩትን የሚመዘግቡበት ፋይል) አጥፍተህ ቦታው አልመለስ ሲልህ፣ አንድ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ፋይሉን እንደከፈተ ነው ማለት ነው። በኤልኤስኦኤፍ (የተከፈቱ ፋይሎችን በሚዘረዝረው ኮማንድ) ፈልገህ ሰርቪሱን ሪስታርት ስታደርገው ይለቃል። እኔን ይቺ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው ያስተማረችኝ።

እናት ቦርድ፦
እኔ ጠያቂ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አላውቅም ማለት አይጥልህም፣ ዝም ማለት ግን ይጥልሃል። «ዌብሳይቱ አይከፍትም» ስልህ ጮክ ብለህ አስብልኝ፦ ስሙ ወደ አይፒ ይተረጎማል? ፖርቱ ክፍት ነው? ሰርቪሱ ተነስቷል? ሎጉ ምን ይላል? ገና ምንም ሳያይ «ሪስታርት አደርጋለሁ» የሚል ሰው ያስፈራኛል። ፐርሚሽን ሲያስቸግረው 777 (ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ) የሚሰጥማ ይቅርብኝ።

የሄርማታው፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ችግሬ ኔት ነው፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ አልነበረም።

ከጅሬን፦
ማን ፔጁ (የኮማንዶቹ መመሪያ) እኮ ላፕቶፕህ ላይ ነው፣ ኔት አይፈልግም። ደግሞ አታንብበው ብቻ፣ ችግሩን ራስህ ፍጠረው። 100 ሜጋ የሚሆን ፋይል ፍጠርና ኤክስት4 ፎርማት አድርገህ ማውንት አድርገው (እንደ ዲስክ አያይዘው)። ከዚያ በሉፕ (ደጋግሞ በሚሠራ ትእዛዝ) ባዶ ፋይል ሙላበት። ካቃተህ እሁድ ከሰዓት እኔ ጋ ና፣ አብረን እንሥራው።

የሄርማታው፦
ሠራሁት! 25 ሺህ ፋይል አካባቢ ሲደርስ «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» (ዲስኩ ላይ ቦታ የለም) ብሎ ቆመ። ዲኤፍ ሰረዝ ኤች ስል ዲስኩ ባዶ ሊባል ምንም አይቀረው፣ ሰረዝ አይ ስል ግን 100 ፐርሰንት። አሁን ገባኝ። እሁድም እመጣለሁ፣ ሎጉን አብረን እንሞክረው።