ኮማ ስፕላይስ፣ ፍራግመንትና ራን-ኦን፦ ስሕተቱን ራሴ እንዴት ልለየው?

ጠያቂ፦
በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን የጥናት ሪፖርት አማካሪዬ አርመው ሲመልሱልኝ፣ ከገጽ ገጽ ኅዳጉ ላይ ፍራግመንት፣ ኮማ ስፕላይስ፣ ራን-ኦን የሚሉ ቃላት እየተፈራረቁ ተጽፈውበት አገኘሁ። የቃላቱን ፍቺ መዝገበ ቃላት ውስጥ አይቻለሁ፤ ያልገባኝ አሠራራቸው ነው። አራት መስመር የፈጀ ዓረፍተ ነገሬ ምንም ሳይባል ሲያልፍ፣ «ዘ ሪዛልትስ ወር ሌት, ዊ ቼንጅድ ዘ ፕላን.» የሚለው የ8 ቃላት ዓረፍተ ነገር ተሰምሮበታል። «አልዞ ዘ ሳምፕል ዋዝ ስሞል.» የሚለው ደግሞ ባለቤትም ግስም እያለው ፍራግመንት፣ ማለትም ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር ተብሏል። እርማት ሳልጠብቅ ስሕተቱን ራሴ የምለይበትን መንገድ ብታሳዩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ 1 (የእንግሊዝኛ መምህርት)፦
ውድ ጠያቂ፣ አማካሪዎ ያዩት ርዝመቱን ሳይሆን መጋጠሚያውን ነው። አራት መስመር የሚሞላ ዓረፍተ ነገር ማያያዣዎቹ በየቦታቸው እስካሉ ድረስ ትክክል ነው። ራሳቸውን የቻሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በነጠላ ሰረዝ ብቻ ሲጣበቁ ግን የቱንም ያህል ቢያጥሩ ኮማ ስፕላይስ ይባላሉ፤ ነጠላ ሰረዙም ከሌለ ራን-ኦን ናቸው።

ይህ ስሕተት እኛ ላይ የሚበረታበት ምክንያት አለው። በአማርኛ «ውጤቱ ዘግይቶብን ዕቅዱን ቀየርን» ስንል «ዘግይቶብን» ቦዝ አንቀጽ ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩን አይዘጋም፤ ማሰሪያ አንቀጹ «ቀየርን» ብቻ ነው። ሐሳቡን ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው «ዘግይቶብን» የነበረው «ወር ሌት» ሆኖ ራሱን የቻለ ማሰሪያ ይሆናል፤ ብዕራችን ግን አሁንም ያላለቀ ነገር የያዘ ይመስለውና ነጠላ ሰረዝ ያስቀምጣል። ለማስተካከል ከ«ሌት» በኋላ ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ ማድረግ፣ ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ «ሶ» ማስገባት፣ አለበለዚያም መነሻው ላይ «ቢኮዝ» መጨመር ይቻላል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን «ቢኮዝ»ን እመርጥ ነበር፤ ምክንያቱም ነጥብ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝምድናቸውን ለአንባቢ ግምት ይተዋል፣ የጥናት ሪፖርት አንባቢ ደግሞ ዕቅዱ ለምን እንደተቀየረ መገመት የለበትም።

ወደ ፍራግመንቱ ስንመጣ፣ «ናሙናው ትንሽ ቢሆንም» ብሎ አራት ነጥብ የሚያደርግ አማርኛ ጸሐፊ አይገኝም። ጥገኝነቱን የሚያሳየው «ቢ-» እና «-ም» ግሱ ላይ፣ ያውም መጨረሻው ላይ ስላለ፣ ሐሳቡ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ለጆሮ ይታወቃል። እንግሊዝኛ «አልዞ»ን መጀመሪያ ላይ ተናግሮ ይጨርሰዋል፤ መጨረሻው «ዋዝ ስሞል» ሲሆን ያለቀለት ይመስላል። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ማለቁን ለማወቅ ጆሮዎን መጨረሻው ላይ ሳይሆን መነሻው ላይ ያድርጉ። ከፊቱ «ኢዝ ኢት ትሩ ዛት» ብለው ቢያነቡትም ይለያል፤ «አልዞ ዘ ሳምፕል ዋዝ ስሞል» ከዚህ ጥያቄ ጋር አይገጥምም፣ «ዘ ሳምፕል ዋዝ ስሞል» ግን ይገጥማል። ሲያስተካክሉት ከዋናው ዓረፍተ ነገር ጋር ያያይዙት፦ «አልዞ ዘ ሳምፕል ዋዝ ስሞል, ዘ ሪዛልት ዋዝ ክሊር.» መካከሉ ላይ «በት» እንዳያስገቡ ይጠንቀቁ፤ «ምንም እንኳ… ቢሆንም… ግን» ማለት ለእኛ ይፈቀዳል፣ ለእንግሊዝኛ አንዱ ይበቃዋል።

መልስ 2 (ጽሑፍ አርታዒ)፦
መምህርቷ ባሉት እስማማለሁ፤ ሆኖም ነጠላ ሰረዝ ቢሳሳት አንባቢ ሐሳቡን አያጣውም። እኔን በሥራዬ ይበልጥ የሚያደክመኝ ድርጊቱን የፈጸመው ማን እንደሆነ የሚያጠፋው ስሕተት ነው። ለምሳሌ «አፍተር ሪዲንግ ዘ ሪፖርት, ዘ ሚስቴክስ ወር ኦብቪየስ.» የሚለውን ይመልከቱ። በአማርኛ «ሪፖርቱን ካነበብኩ በኋላ ስሕተቶቹ ግልጽ ሆኑ» ብንል አንባቢው ማን እንደሆነ «-ኩ» ትነግረናለች። «ሪዲንግ» ግን እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው ቀጥሎ የመጣውን ስም ባለቤት ያደርጋል፤ በዚህም ሪፖርቱን ያነበቡት ስሕተቶቹ ራሳቸው ሆነው ቁጭ ይላሉ። ከነጠላ ሰረዙ በኋላ «አይ ሶ ዘ ሚስቴክስ» ቢባል ነገሩ ይቃናል።

የዚሁ ዘመድ የሆነው «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት» የሚለው ነው። «የገዛሁት» ውስጥ ያለችው «-ት» ስለምትከተለን «ኢት»ን እንጨምራለን፤ እንግሊዝኛ ግን «ዛት» ብሎ ስለጨረሰ «ኢት»ን አይፈልግም።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። «ዘ ሳምፕል ዋዝ ስሞል, ሀወቨር ዘ ሪዛልት ዋዝ ክሊር.» የሚለውም ተሰምሮበታል፤ «ሀወቨር» እንደ «በት» አያያዥ አይደለምን? ደግሞስ የዩልዮስ ቄሳር ነው የሚባለው «አይ ኬም, አይ ሶ, አይ ኮንከርድ.» በነጠላ ሰረዝ ብቻ ተያይዞ ለምን ትክክል ሆነ?

መልስ 1 (የእንግሊዝኛ መምህርት)፦
«ሀወቨር» ተውሳከ ግስ እንጂ መስተጻምር አይደለም። ለማረጋገጥ ቦታውን ያንቀሳቅሱት፤ «ዘ ሪዛልት, ሀወቨር, ዋዝ ክሊር» ማለት ይቻላል፣ «በት»ን ግን እዚያ ቦታ ማስገባት አይቻልም። ወዲያና ወዲህ የሚሄድ ቃል ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሸከምምና ከፊቱ ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ፣ ከኋላው ደግሞ ነጠላ ሰረዝ ያድርጉለት። ሁለት ዓረፍተ ነገር በነጠላ ሰረዝ እንዲያገናኙ የሚፈቀድላቸው «ፎር፣ አንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ የት፣ ሶ» የሚባሉት 7 ቃላት ናቸው።

የቄሳር አባባል ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ ሦስቱም ክፍሎች በጣም አጫጭር፣ ባለቤታቸው አንድ፣ አሠራራቸውም ተመሳሳይ ስለሆነ በዝርዝር መልክ ይታለፋል። ለሪፖርት አይሞክሩት።

መልስ 2 (ጽሑፍ አርታዒ)፦
ስለ መለያ ዘዴው ከጠየቁ፣ እኔ ረቂቄን ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ተነሥቼ ወደ መጀመሪያው አነበዋለሁ። ወደ ፊት ሲነበብ የቀደመው ሐሳብ የጎደለውን እየሞላ ያሳልፈዋል፤ ወደ ኋላ ሲነበብ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ይቆማል፣ ፍራግመንት የሆነውም ወዲያው ይታያል። ከዚያ በየዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ግሶቹን አሰምርባቸዋለሁ፤ ሁለት መስመር ባየሁ ቁጥር በመካከላቸው ምን አያያዥ እንዳለ እፈልጋለሁ። ነጠላ ሰረዝ ብቻ ካገኘሁ እዚያው አቆማለሁ።