ክርክር፦ የጠፈር ጣቢያው ስንቅ በአንድ ኩባንያ እጅ መግባቱ ያሰጋል?

አወያይ
ሰላም ቤተሰብ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራል። ምግቡ፣ ልብሱ፣ መለዋወጫው ከምድር ነው የሚሄደው። አሜሪካ ስፔስ ሹትል የተባለውን የመንግሥት መንኮራኩሯን በ2011 ካቆመች ወዲህ ጭነቷን የሚያደርሱላት የግል ኩባንያዎች ናቸው። አሁን ደግሞ ሥራው ወደ ኤሎን መስክ ኩባንያ ወደ ስፔስኤክስ አጋድሏል። በጁን 2025 መስክ ከትራምፕ ጋር ተጣልቶ የኩባንያውን መንኮራኩር ድራገንን ከሥራ አወጣለሁ ብሎ ጻፈ። በሰዓታት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። እና ናሳ ይህን ሥራ ለግል መስጠቱ ልክ ነበር? (ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው። ስድብ ክልክል ነው።)

ሒሳብ ወዳድ
ልክ ነበር፣ አራት ነጥብ። ሹትል እኮ ዕቃ ሊያደርስ ሲሄድም ሰው ይዞ ነው የሚበረው። በሁለት አደጋ 14 ሰው አጥተናል። ለዱቄትና ለመለዋወጫ የሰው ነፍስ ማስያዝ ምን የሚሉት ነው? በ2008 መጨረሻ ናሳ ከስፔስኤክስ ጋር 12 በረራ በ1.6 ቢሊዮን፣ ከኦርቢታል ጋር 8 በረራ በ1.9 ቢሊዮን ዶላር ተዋዋለ። የሹትል ፕሮግራም ወጪ ለ135 በረራ ሲካፈል አንዱ ብቻ ከቢሊዮን ያልፋል። ሒሳቡ ግልጽ ነው።

ጋሽ መሐንዲስ
ልጄ፣ ዋጋውን ከጀመርክ አይቀር ጨርሰው እንጂ። የናሳ ዋና ኢንስፔክተር በ2018 ያወጣውን አንብበሃል? ሁለተኛው ዙር ውል ከመጀመሪያው 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይበልጣል፣ የሚያደርሰው ጭነት ግን 6 ቶን ያህል ያንሳል ይላል። በርካሽ አስለምዶ ዋጋ መስቀልን ነጋዴ ያውቅበታል።

ሒሳብ ወዳድ
ጋሼ፣ ጭማሪውን አልካድኩም። ተጨምሮም ከሹትል ይረክሳል ነው ያልኩት።

የቨርጂኒያዋ
ዋጋውን ለጊዜው ተዉት። እኔ የምኖርበት ስቴት ውስጥ ነው ዋሎፕስ የሚባለው የሮኬት ማስወንጨፊያ ያለው። ኦክቶበር 28 ቀን 2014 የኦርቢታል ሮኬት አንታሬስ የኩባንያውን ጭነት መንኮራኩር ሲግነስን ይዞ በተነሳ በሰከንዶች ውስጥ ፈንድቶ ማስወንጨፊያው አጠገብ ወደቀ። ኤፕሪል 2015 የሩሲያው ጭነት መንኮራኩር ፕሮግረስ ከቁጥጥር ወጣና ከባቢ አየር ውስጥ ተቃጠለ። ጁን 28 ደግሞ የስፔስኤክስ ሮኬት ፋልከን 9 ድራገንን ይዞ በተነሳ በ139ኛው ሰከንድ ተበታተነ። የሂሊየም ጋኑን ደግፎ የያዘ ዘንግ ተሰብሮ ነው። መንኮራኩሮች ከጣቢያው ጋር የሚገጣጠሙበት አዲስ መትከያም አብሮ ጠፋ።

በስምንት ወር ሦስት ጭነት! ጣቢያው ግን አልተዘጋም። የአንዱ ሮኬት ብልሽት ሌላውን አላስቆመውማ። ሩሲያ በጁላይ ሌላ ፕሮግረስ ላከች፣ ጃፓን በኦገስት ጭነት መንኮራኩሯን ኤችቲቪን ላከች። ያኔ ያዳናቸው የመንገዱ ብዛት ነው። የግል ይሁን የመንግሥት ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

ሮኬት ናፋቂ
ብዛቱማ አሁንም አለ እህቴ። ሲግነስ አለ፣ ፕሮግረስ አለ። ጃፓንም በኦክቶበር 2025 አዲሱን ኤችቲቪ-ኤክስ ልካለች። ምኑ ነው የሚያስጨንቀው?

የቨርጂኒያዋ
ሲግነስ በምን ሮኬት እንደሚወጣ ታውቃለህ? የድሮው አንታሬስ የመጀመሪያ ክፍሉ ዩክሬን የተሠራ፣ ሞተሩ የሩሲያ ነበር። ጦርነቱ መጣና ነገሩ አበቃ። በኦገስት 2023 የመጨረሻውን በረረ። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ሲግነስን የሚያወጣው ማን መሰለህ? ፋልከን 9! በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የፋልከን 9 ሁለተኛ ክፍል ችግር ገጥሞት ሁለት ሳምንት ገደማ ከበረራ ታግዶ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም የአሜሪካ ጭነት መንኮራኩሮች አብረው ቆሙ ማለት ነው። ስማቸው ሁለት ነው፣ መንገዳቸው አንድ። ሦስተኛ ይሆናል የተባለው ድሪም ቼዘር ደግሞ በ2016 ተመርጦ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ጣቢያው ደጃፍ አልደረሰም።

ጋሽ መሐንዲስ
ተባረኪ። ሰፈሩ ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት ብቻ ካለ ባለቤቱ ያኮረፈ ቀን ሰፈሩ ጦሙን ያድራል። የጁን 2025ቱ ኩርፊያ ያሳየን ይህንኑ ነው።

ሻንጣዬ የት ነው
ኪኪኪ፣ ስለ ስንቅ ካነሳችሁ የሻንጣውን ጉድ ልንገራችሁ። በሜይ 2024 ሽንትን አጣርቶ ውሃ የሚያደርገው መሣሪያ ፓምፑ ተበላሸ። ቶሎ የሚነሳው ሰው የሚያጓጉዘው የቦይንግ መንኮራኩር ስታርላይነር ነበር። 70 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ፓምፕ ለመጫን የተሳፋሪዎቹ ጠፈርተኞች የቡች ዊልሞርና የሱኒ ዊሊያምስ የልብስ ሻንጣ ወረደ። ለአጭር ጊዜ ነው የምትቆዩት፣ እዚያ ካለው መጠባበቂያ ልብስ ትለብሳላችሁ ተባሉ። ዘጠኝ ወር ቆዩ! እዚያ ደግሞ ልብስ ማጠቢያ የለም። ይለበሳል፣ ሲቆሽሽ ከቆሻሻው ጋር ተጭኖ ይቃጠላል። ተጨማሪ ልብስ የደረሳቸው በኦገስት በሲግነስ ነው። ሲግነሱ በምን ወጣ? ከላይ ተነግሯል።

ሒሳብ ወዳድ
እሱ እኮ ለእኔ የሚመሰክር ነው። ሮኬቱ ስላለ ደረሰ። በማርች 2025ም አንድ ሲግነስ ገና ወደ ማስወንጨፊያው ሲጓጓዝ ማሸጊያው ውስጥ እንዳለ ተጎዳ። ምን ተደረገ? ቀጣዩ ድራገን ላይ ምግብ ተጨመረ። አዳኙን ኩባንያ ጥፋተኛ አታድርጉት።

የቨርጂኒያዋ
ጥፋተኛ ማን አለው? እሱ ራሱ ቢቆም አዳኙ ማነው ነው ያልኩት። ጭነት በብዛት ወደ ምድር የሚመልሰውም ድራገን ብቻ ነው። ሌሎቹ ቆሻሻ ተሞልተው ከባቢ አየር ውስጥ ይቃጠላሉ። የምርምር ናሙና በሲግነስ ይመለስ ልትለኝ ነው?

ሮኬት ናፋቂ
ጣቢያው እኮ በ2030 ገደማ ሥራው ያበቃል። ለጥቂት ዓመት ብሎ አዲስ ሮኬት ማን ይሠራል? ጣቢያውን በመጨረሻ ለሚያወርደው መንኮራኩር እንኳን ውሉ ተፈርሟል፣ እስከ 843 ሚሊዮን ዶላር።

የቨርጂኒያዋ
ከማን ጋር?

ሮኬት ናፋቂ
…ከስፔስኤክስ።

ጋሽ መሐንዲስ
ይኸውልህ! ለዚህኛው ጣቢያ ጊዜው አልፏል እንበል። ለሚቀጥሉት የግል ጣቢያዎች ግን ውሉ ላይ አንድ መስመር ይግባ፦ ሁለት ጫኝ ሲመረጥ ሮኬታቸውም ሁለት ይሁን።

ሒሳብ ወዳድ
እሱን እፈርማለሁ ጋሼ። የሁለተኛውን ሮኬት ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ግን እርስዎ ይንገሩኝ።