የሃጂ ድስት፦ የመታሰቢያ ዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። ሐላዋ ሠሪው ሃጂ ካረፉ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ባለፈው እሁድ «አንድ ነገር እናድርግላቸው» ተባብለን ተለያየን። አንዱ ነገር ምን እንደሆነ ግን ማንም አልተናገረም። ሐሳባችሁን አምጡ። አንድ ገጽ ጽፈን መጀመሪያ ለቤተሰቡ፣ ከዚያ ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን። ልጃቸውም እዚሁ አለች፤ እያያችሁ ጻፉ።

ሰብሳቢው፦
የእኔ አጭር ነው። ሱቃቸው በር ላይ ፎቶና ስም ያለበት እብነ በረድ። ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ደግሞ ድንኳን ጥለን ሰፈሩን እናበላለን። መጋላ ውስጥ አርባ ዓመት ሐላዋ ላማሰለ ሰው ያንሳል እንጂ አይበዛም።

የድሮው የሱቅ ልጅ፦
ጋሼ፣ ከፍቅር እንደመጣ ገብቶኛል። ግን ሁለት ነገር። በእነሱ ቤት ሙት ዓመት የለም። የሚያወጡት ሰደቃ ነው፤ እሱም ሳይወራለት ቢሆን ይመርጣሉ። ደግሞ ሃጂ ፎቶ ሲነሳ አይተህ ታውቃለህ? መታወቂያ ለማሳደስ እንኳ ስንት ጊዜ ተለምኗል። (አቦ፣ ድሬ ነን፤ «አንቱ» አልልም። እሱም «አንቱ» ሲባል ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር።)

እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው የገባሁት። መጀመሪያ የሰጠኝ ሥራ ሄል መፈልፈል ነው። ማማሰያውን ለመንካት ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። አሥር ኪሎ ስኳር በውሃ ይፈላል፤ ሎሚ ጠብ ይደረግበታል። ሎሚው ከቀረ ስኳሩ ተመልሶ አሸዋ ይሆናል። ሁለት ኪሎ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ በቀጭኑ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ እጅ አያርፍም። ዘይቱ በጭልፋ በጭልፋ ይገባል። በድሬ ሙቀት፣ ከሰል ፊት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ። መድረሱ በሰዓት አይታወቅም። ሐላዋው የድስቱን ጎን ሲለቅና የጠጣውን ዘይት መልሶ ሲተፋ ነው። ሃጂ ግን አያይም፤ ይሰማል። «ድምፁ ወፈረ፣ አውርድ» ይላል። ያንን ድምፅ ዛሬ የምናውቀው እኔና ታናሽ ወንድ ልጁ ብቻ ነን። እኔ ደግሞ አሁን ባጃጅ ነው የምነዳው።

እብነ በረዱ ይቅር። ድስቱ ይቀጥል።

ገንዘብ ያዧ፦
ከካዝናው ልናገር። ያለን ብር ወይ ለእብነ በረድ ይበቃል ወይ ለስኳር። ለሁለቱም አይበቃም። ስኳሩ ደግሞ እንደምታውቁት አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ዋጋው ይሰቀላል።

ከጅዳ፦
እዚህ ሐላዋ በካርቶን ታሽጎ ሱፐርማርኬት ይሸጣል። ለምን የንግድ ምልክት አስመዝግበን በሃጂ ስም አሽገን አንልክም? ትርፉ ለቤተሰቡ ይሁን።

ደቻቱ ዳር የምትኖረው እናት፦
ልጆቼ፣ ንግዱን አላውቅም። ስለ ድስቱ ግን ልንገራችሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሰው ሲወስድ፣ እኔ ሦስት ልጆች ይዤ በለበስኩት ነው የወጣሁት። በማግስቱ ወደተጠለልንበት ግቢ አንድ ጋሪ መጣ። ያ ትልቁ ድስት ተገልብጦ ታስሮበታል። ሃጂ ሩዝ ቀቀለበት። ስድስት ቀን ሐላዋ አልተሠራም። ሩዙ ሄል ሄል ይሸታል። ትንሹ ልጄ «እማዬ፣ ሠርግ ነው እንዴ?» አለኝ። እኔ ሌላ ሐሳብ የለኝም፤ ድስቱ እንዳይሸጥ ብቻ።

ልጃቸው፦
እማማ፣ ድስቱ እናቴ ጓዳ ነው። አይሸጥም። ሁላችሁንም አላህ ይስጥልን።

ስለ ጅዳው ሐሳብ። አባቴ ሙያውን የተማረው እዚያው መጋላ፣ ከአንድ የየመን ሽማግሌ ነው። ሰውዬው ሙያውን አልሸጠለትም። ሐላዋ ሐረርም አለ፣ ጅግጅጋም አለ። «የእኛ ነው» ብለን የምናስመዘግበው አይመስለኝም።

እናንተ የምታውቁት ሐላዋውን ነው። እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው። ለመጠቅለያ ያለቀ ደብተር በኪሎ እንገዛ ነበር። አባቴ አማርኛ ማንበብ አይችልም። የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት ዘይት እንዳይነካው ግን ይጨነቃል፤ የእኛም ይሁን የክርስቲያኖቹ። ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ አምስታችንም የለውዝ ጆንያ ላይ ተቀምጠን እያንዳንዱን ቅጠል ጮክ ብለን እናነብለታለን። ሒሳብ፣ ታሪክ፣ የማናውቀው ልጅ የጻፈው ድርሰት። ድርሰቱ ከጣፈጠው አጥፎ ኪሱ ይከተዋል፤ ማታ «ለእናትሽ ድገሚላት» ይለኛል። ማንበብ የለመድነው እንደዚያ ነው።

ልጆች ሊማሩ ከመጡ ትምህርታቸውን እንዳይተዉ ይጻፍልኝ። እናቴ ደግሞ አንድ ነገር ብላለች፦ የድስቱ ፍቅፋቂ የሕፃናት ነው፤ ማንም እንዳይሸጠው።

ሰብሳቢው፦
እብነ በረዱን አንስቻለሁ። ለዚያ ፍቅፋቂ እኔም ተሰልፌያለሁ። አንዴ እስኪበርድ አልጠብቅ ብዬ ምላሴን ተቃጥዬ ሦስት ቀን ሽሮ አልቀመስኩም።

ከጅዳ፦
ተረድቻለሁ፤ ካርቶኑን ተዉት። ሁለት ኩንታል ስኳር በእኔ።

የድሮው የሱቅ ልጅ፦
ቅዳሜ ቅዳሜ ባጃጁን አቆማለሁ።

ገንዘብ ያዧ፦
በሳምንት አንድ ድስት ካልን፣ በስድስት ወር 26 ድስት፣ 260 ኪሎ ስኳር ነው። ከጅዳ 200 መጣ። የቀረው 60 ኪሎ፣ ከሰሉና ዘይቱ ከካዝናችን ይወጣል።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ ረቂቁ ይኸው፦

«እኛ የማኅበሩ አባላት፣ በመጋላ ሐላዋ ሲሠሩ የኖሩትንና አምስት ልጆች ያሳደጉትን ሃጂን ለማሰብ ይህን እናቀርባለን። ድስቱ የቤተሰቡ እንደሆነ ይቆያል። ሦስት ወጣቶች፣ ቢያንስ አንዷ ሴት፣ ለስድስት ወር በየቅዳሜው ከታናሽ ልጃቸውና ከቀድሞ ሠራተኛቸው ሥር ሙያውን ይማራሉ፤ ትምህርታቸውን ግን አያቋርጡም። ሐላዋው ተሸጦ ገንዘቡ ከስድስት ወር በኋላ ለሚገዛው ስኳር ይቀመጣል። በየወሩ አንድ ድስት ለሰደቃ ይወጣል፤ ስም አይጠራበትም። ፍቅፋቂው የሕፃናት ነው። ሐውልት አይቆምም።»

የምታርሙት ካለ እስከ ሐሙስ።

ልጃቸው፦
እናቴ ሰምታዋለች፤ እሺ ብላለች። አንድ እርማት ብቻ። «ሲሠሩ የኖሩትንና ያሳደጉትን» የሚለው «ሲሠራ የኖረውንና ያሳደገውን» ይሁን። አለዚያ እኔም ዞር ብዬ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው።

ጸሐፊዋ፦
ታርሟል።