ግራፊክስ ካርድ ከቀየርኩ በኋላ ኮምፒውተሬ በሥራ መሃል ድርግም ብሎ ይጠፋል

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዴስክቶፔ ኮር አይ5 4590 ፕሮሰሰር፣ አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም እና 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ አለው። ቪዲዮ ኤዲት ስለማደርግ አርኤክስ 580 የሚባል ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ገዝቼ ገጠምኩ። ኢንተርኔት ስጠቀም፣ ስጽፍ ምንም አይለውም። ኤዲት ያደረግኩትን ኤክስፖርት ማድረግ (ወደ አንድ ያለቀ የቪዲዮ ፋይል ማውጣት) ስጀምር ግን ሁለት ሦስት ደቂቃ ሠርቶ ድርግም ይላል። ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ፤ ልክ መብራት እንደሄደበት። አንዳንዴ ራሱ ተመልሶ ይነሳል። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የችግር መዝገቡን የሚያሳይበት ፕሮግራም) ላይ «ከርነል ፓወር 41» የሚል አገኘሁ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ብጭንም ያው ነው። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን? የማስረክበው ሥራ ስላለኝ በጣም ጨንቆኛል።

መልስ 1፦
እህቴ፣ እኔ ብሆን በሙቀት እጀምራለሁ። ፕሮሰሰሩ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ተርማል ፔስቱ (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሳልፈው ቅባት) እንደ ኖራ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቺና ኤክስፖርት ስታደርጊ የፕሮሰሰሩንም የካርዱንም ሙቀት ተከታተዪ። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃው ይጠፋል።

መልስ 2፦
41 ቁጥርን ምክንያቱ ነው ብለሽ አትያዢው። «ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፍቶ ነበር» ከማለት ሌላ የሚነግርሽ ነገር የለም። ራም ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል ወይም ሁሉ ነገር ባለበት ደርቆ ይቀራል። ሥራ ሲከብደው እንደ አምፖል ድርግም የሚል ኮምፒውተር ግን እኔ የምጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ሣጥን) ነው። እስኪ እነዚህን ንገሪን፦ ፓወር ሰፕላዩ ላይ በተለጠፈው ስቲከር በ12 ቮልት ስንት አምፔር ይላል? ለካርዱ የሚሆነውን የ8 ፒን (ባለ ስምንት እግር) ገመድ ከየት አመጣሽ? ደግሞም ካርዱን አውጥተሽ፣ ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተሽ ያንኑ ኤክስፖርት ሞክሪ። ፕሮሰሰርሽ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ይሠራል።

ጠያቂዋ፦
ሁሉንም ሞከርኩ። ሙቀቱ ደህና ነው፤ ፕሮሰሰሩ ቢበዛ 74 ዲግሪ፣ ካርዱ ደግሞ 70 እንኳ ሳይደርስ ነው የሚጠፋው። ካርዱን ሳወጣው አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅበትም ሳይጠፋ ጨረሰ። ስቲከሩ በጠቅላላው 300 ዋት፣ በ12 ቮልት 18 አምፔር ይላል። ፓወር ሰፕላዩ የ8 ፒን ገመድ ስላልነበረው ከካርዱ ጋር የሰጡኝን መቀየሪያ ነው የተጠቀምኩት። በአንድ በኩል ለሃርድ ዲስክ ኤሌክትሪክ በሚሰጠው የሳታ ሶኬት ላይ ይሰካል።

መልስ 2፦
ያንን መቀየሪያ አሁኑኑ ንቀዪው፤ እባክሽ እስከ ነገ አታቆዪው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 12 ቮልት በ18 አምፔር ሲባዛ 216 ዋት። ካርዱ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ወደ 185 ዋት ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩ እስከ 84፤ ሁለቱ ብቻ 269 ሆኑ። ሃርድ ዲስኩና ፋኖቹ ገና አልተቆጠሩም። ፓወር ሰፕላዩ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ራሱን ይዘጋል ማለት ነው። ስትጽፊ የማይጠፋውም ካርዱ ያን ጊዜ ብዙ ስለማይስብ ነው።

የሚያስፈራኝ ግን ገመዱ ነው። የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት በኩል 54 ዋት እንዲሸከም ነው የተሠራው። ባለ 8 ፒኑ እስከ 150 ዋት ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ሶኬት ቀልጦ በዓይኔ አይቻለሁ። ስትነቅዪው ጫፉን በብርሃን እዪው፣ አሽትቺውም።

ጠያቂዋ፦
ነቀልኩት። ተጣብቆ ስለነበር እያወዛወዝኩ ነው ያወጣሁት። ቢጫው ገመድ የሚገባበት ጥግ ላይ ፕላስቲኩ ተኮማትሯል፣ የገመዱም ልባስ ጠቁሯል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ኤክስፖርቱን አስጀምሬ ክፍሉን ጥዬ እወጣ እንደነበር ሳስበው ልቤ ይርዳል።

መልስ 3፦
እንኳን ሰው ሳይጎዳ አየሽው። ለአርኤክስ 580 የሚመከረው 500 ዋት ነው፤ እኔ 550 ያዢ እላለሁ። ትልቁን የዋት ቁጥር አይተሽ ብቻ አትግዢ፤ በ12 ቮልት 40 አምፔርና ከዚያ በላይ የሚል፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን የራሱ 6+2 ገመድ ያለው ይሁን። 4+4 የሆነው የፕሮሰሰር ነው፤ መልካቸው ስለሚመሳሰል ገመዱ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። ገመዶቹ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነቀሉ ዓይነት ከሆኑ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ አምጥተሽ አትሰኪ። ሶኬቱ ልክ ቢገባም የፒኖቹ አሰላለፍ ይለያይና ዕቃ ያቃጥላል።

ከመግዛትሽ በፊት ማዘርቦርድሽ የተለመደው የ24 ፒን ሶኬት እንዳለው እዪ። አንዳንድ ለቢሮ ተብለው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች የራሳቸው ሶኬት ነው ያላቸው። አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ደግሞ እንዳትፈቺው፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

መልስ 1፦
ሙቀት ያልኩት አልሆነም፤ መልስ 2 ልክ ነው። ቀጥሎ ማሳደግ ካሰብሽ ራሙን ሁለት አድርጊው። ያለሽን የሚመስል ዲዲአር3 (የራም ዓይነት ነው) ባለ 8 ጊጋ ጨምረሽ ማኑዋሉ በሚያሳየው ጥንድ ቦታ ላይ ሰኪው።

መልስ 4፦
ራሙ ይሁን፣ ግን ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ) ይቅደም። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፤ ሃርድ ዲስክ 150 አካባቢ ነው፣ ፋይሉ ከተበታተነ ደግሞ በጣም ይወርዳል። ፕሮሰሰሩን ግን አትቀይሪ። ማዘርቦርዱ ከዚያ የፕሮሰሰር ትውልድ ብዙ አያልፍም፣ ዊንዶውስ 11ም ይህን ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። ፓወር ሰፕላዩና ኤስኤስዲው ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር ይዘሻቸው ትሄጃለሽ፤ አዲስ የገዛሽው አሮጌ ፕሮሰሰር ግን እዚያው ይቀራል።

ጠያቂዋ፦
550 ዋት ገጠምኩ፣ ካርዱ በራሱ ገመድ ገባ። ትናንት ያንኑ ኤክስፖርት አስጀምሬ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት፤ በ38 ደቂቃ ጨረሰ፣ አንዴም አልጠፋም። ገመዱን በእጄ ስዳስሰው ቀዝቃዛ ነው። መቀየሪያውን ማንም እንዳይጠቀምበት ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ኤስኤስዲውን በሚቀጥለው ወር እገዛለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።