የእናቴ ፖታሲየም 6.1 ወጣ፤ ሰኞን ልጠብቅ?

ቱሉ ዲምቱ ነው የምንኖረው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። የደም ግፊት አለባት፣ ኢናላፕሪል ትወስዳለች። ስኳር የለባትም። ሰሞኑን ድካም ድካም ሲላት ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ወሰድኳትና የኤሌክትሮላይት (በደም ውስጥ ያሉ ጨዎች) ምርመራ ታዘዘላት።

ሶዲየም 139፣ ክሎራይድ 103፣ ፖታሲየም ግን 6.1። ወረቀቱ ላይ የፖታሲየም ትክክለኛ መጠን ከ3.5 እስከ 5.1 ይላል። የኩላሊቷ ሥራ መለኪያ ክሬአቲኒን 0.9 ነው፣ ደህና ነው።

የከነከነኝ የደሙ አቀዳድ ነው። ደም ስሯ አልገኝ ብሎ ክንዷ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ቆየ። «ጨብጪ፣ ልቀቂ» እያሏት ብዙ አለፏት። ከዚያ ክሊኒኩ ማሽኑ ስለሌለው ደሙ ወደ ከተማ እስኪላክ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት የተቀዳ ደም የሄደው ከሰዓት ነው።

ላብራቶሪ ስደውል «ቀይ የደም ሴሎቹ ፈርሰው ፖታሲየም ለቀው ይሆናል፣ ይደገም» አሉኝ። ፋርማሲስቱ ደግሞ «ኢናላፕሪል ራሱ ፖታሲየም ይጨምራል» አለኝ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ችግሩም እሱ ነው። ጎረቤት ደግሞ ፖታሲየም አለው ብሎ ሙዝ ከልክሏታል!

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ያዘዘላት ሐኪም የሚገባው ሰኞ ነው። እሷ «ደህና ነኝ» ብላ ቡና እያፈላች ነው። የልብ ምት መዛባትም ሆነ የደረት ሕመም የለባትም። ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) አልተነሳችም። መድኃኒቱንም በራሴ ላቋርጥባት አልደፈርኩም።

የሕክምና ባለሙያዎች፣ የናሙናው ችግር ነው ብዬ እስከ ሰኞ ልጠብቅ ወይስ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ወስጃት ደሙን ላስደግምና ኢሲጂ ላስነሳት?