16 ሜትር ብረት ጭኖ ሀረጎን ስለ መውጣት

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ለሚሠራ መጋዘን 16 ሜትር ርዝመት ያለው የጣሪያ ተሸካሚ ብረት አደርሳለሁ። ተሳቢዬ 12 ሜትር ተኩል ስለሆነ ብረቱ በኋላ በኩል 3 ሜትር ተኩል ይተርፋል። የሚያስጨንቀኝ የሀረጎ ጠመዝማዛ ዳገትና ከተማ ውስጥ ያለው እጥፋት ነው። በተለይ ወደ ቀኝ ስታጠፍ የተሳቢው የቀኝ ጎን ጨርሶ አይታየኝም። እንዲህ ያለ ጭነት ያወጣችሁ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የከባድ መኪና አሽከርካሪ፣ ኮምቦልቻ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይወጣል። ብቻ ሐሳብህን ሁሉ ወደ ኋላ ጎማ አዙረው። ተሳቢ የጎታቹን ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ከፒኑ፣ ማለትም ተሳቢው ከጎታቹ ጋር ከሚያያዝበት፣ እስከ ኋላ ጎማዎቹ መሀል ያለውን ርቀት ለካ። 9 ሜትር ነው እንበል። ፒኑ የሚዞርበት ራዲየስ 15 ሜትር ቢሆን፣ 15 በ15 225 ነው፣ 9 በ9 81፤ ልዩነቱ 144፣ እሱም 12 በ12 ነው። ስለዚህ የኋላው ጎማ በ12 ሜትር ራዲየስ ይዞራል፤ ከፒኑ 3 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ኩርባው ወደ 12 ሜትር ሲጠብ ደግሞ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አጭር እጥፋት ላይ ከዚህ ያንሳል፤ አንተ ግን ትልቁን ይዘህ አስላ። አስቀድመህ በትንሽ መኪና ውጣና ጠባብ ኩርባዎቹን በእግርህ እየሄድክ ለካቸው። እስከ ቦዩ ያለው አስፋልት ካልበቃ የቀኙን ኩርባ ከግራው መስመር መጀመርህ ነው፤ ያ ደግሞ ከላይ የሚወርደው መኪና ሳይቆም አይሞከርም።

የብረታ ብረት መሐንዲስ (ሴት)፣ ደሴ፦ ወንድሜ፣ ብረቱ የግድ አንድ ወጥ ሆኖ መምጣት አለበት? ንድፉን የሠራው መሐንዲስ ከፈቀደ ሁለት ቦታ ተከፍሎ እዚህ በብሎን ሊገጣጠም ይችላል። ፈቃድ ሳይገኝ ግን ማንም እንዳይቆርጠው፤ መጋጠሚያው የሚውልበት ቦታ በስሌት የሚወሰን ነው።

ጠያቂ፦ እህቴ፣ ጠይቄ ነበር፤ ተበይዶ አልቋል፣ አይከፈልም ተብያለሁ። ተሳቢዬንም ለካሁ፣ ከፒን እስከ ጎማ መሀል 9 ሜትር ከ20 ነው። ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ዳገቱ ላይ ስለ ማርሹስ ምን ይላሉ?

የከባድ መኪና አሽከርካሪ፣ ኮምቦልቻ፦ ኩርባው ሳይደርስ ከባድ ማርሽ አስገባ፤ መሀል ላይ አትቀይር። የግራና የቀኝ ጎማዎቹን እኩል እንዲዞሩ የሚያስገድደውን የዲፍረንሻል መቆለፊያም ደረቅ አስፋልት ላይ ክፈተው፤ ተቆልፎ ከታጠፍክ መኪናው ቀጥ ብሎ ልሂድ ይላል።

የቀድሞ ረዳት፣ ደሴ፦ ጅራቱን አትርሳ! ወደ ቀኝ መታጠፍ ስትጀምር ከጎማው በኋላ የተረፈው ብረት ወደ ግራ ይወጣል። ሀረጎ ላይ መንገዱ ከተዘጋ ጉዳት የለውም፤ ፒያሳ ላይ ግን አጠገብህ የቆመ ባጃጅ ፊት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሁለት ረዳት ያስፈልግሃል። አንዱ በቀኝ በኩል የውስጡን ጎማ፣ ሌላው በግራ የብረቱን ጫፍ ብቻ ይይ። ትእዛዝ የሚሰጥህ ግን አንድ ሰው ይሁን፤ ሁለቱም ከጮኹ የትኛውን እንደምትሰማ አታውቅም። እሱ ከዓይንህ ከተሰወረ ወዲያው ቁም። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰር፣ ጉም ካለ መብራትም ጨምርበት።

ጠያቂ፦ ከተማ ለመግባት ስንት ሰዓት ይሻላል?

የቀድሞ ረዳት፣ ደሴ፦ ሲነጋ፣ 12 ሰዓት ላይ። ባጃጁ ሳይበዛ፣ ብርሃኑም ሳያንስህ። የጭነት ፈቃድህ የሚፈቅደውን ሰዓት ግን አስቀድመህ አረጋግጥ፤ ትራፊክ ፖሊሶቹንም ከዋዜማው አነጋግራቸው።